ጋሽ ሐሜሶ በሬን ያንኳኩ ዕለት

ጠርጣራ ነኝ። ይህን የምናገረው ልኩራራበትም ላፍርበትም ብዬ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሐዋሳ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ የትምህርት ማስረጃ አጣራለሁ። ሰው ዲግሪውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ማኅተሙን አያለሁ፣ ፊርማውን አያለሁ፣ በመጨረሻ ሰውየውን አያለሁ። ወረቀቱ ሐሰተኛ የሆነበት ሰው ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አይነቅልም። እውነተኛውን የያዘ ግን በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል፣ ያዛጋል፣ «እባክሽ ቶሎ በይ» ይለኛል። የቢሮ ጓደኞቼ «መሲ እኮ ገነት በር ላይ ብትደርስ ጴጥሮስን ራሱን መታወቂያ አምጣ ትለዋለች» እያሉ ይስቁብኛል።

ጥርጣሬ ግን ማታ ቢሮ ተቆልፎበት የሚቀር ዕቃ አይደለም፤ ይዤው ቤት እገባለሁ። ቤተ ክርስቲያንም አብሮኝ ይሄዳል። ነቢይ ነኝ ባይ መጥቶ «እዚህ መካከል ወገቧን የሚያማት እህት አለች» ሲል ሌላው አሜን ይላል፤ እኔ «ከዚህ ሁሉ ሴት ወገቧን የማያማት ማናት?» እላለሁ።

በአባቴ ሕመም ጊዜም አብሮኝ ነበር። እሱ ላይ ቀልድ የለኝም። አባቴ ሲታመም ያየው ሐኪም ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረግ አለን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነበር፣ አነጋገሩም ችኩል ነበር፤ አላመንኩትም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፣ ከዚያም ሌላ። የመጨረሻው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ?» አለን። አባቴን ቀበርነው። ባለቤቴ ታሪኩ ያን ጊዜ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተነፈሰም። አጠገቤ ተቀመጠ። ያየውን ግን አይቷል።

ታሪኩ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ እንኖራለን፤ ልጅ ገና አልሰጠንም። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ይህ ሰው ተለወጠብኝ። ከሥራ ሲገባ መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። ምን ሆንክ ስለው «ፀሐይ መታኝ» ይለኛል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ በዋለበት ቀን እኮ ነው። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ እየወጣ ማውራት አመጣ። ከዚያ የግቢውን በር ማጠፊያ ጠገነ፣ የውኃውን ታንከር አጠበ፣ የቤቱን ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስቦ «እዚህ ነው የማስቀምጠው፣ እይው» አለኝ። በመጨረሻ፣ «አዲስ አበባ ሥልጠና አለብኝ» ባለ በሁለተኛው ቀን፣ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ መጣ። ታሪኩ በፀጉሩ የማይደራደር ሰው ነው፤ ጠዋት መስታወት ፊት ከእኔ በላይ ይቆያል።

እኔ ይህን ሁሉ ደመርኩና መልሱን አገኘሁ፦ ሴት ይዟል፣ ሊተወኝ ነው።

ሻንጣውን ፈተሽኩ። ለሥልጠና የሚሄድ መምህር ደብተር የለውም፤ ቢጃማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ሽኝት አስመስዬ ከማን ጋር እንደሚሳፈር ለማየት። ብቻውን ተሳፈረ። በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ይዞ ቆየ። «ምነው?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ምንም የሚል ሰው እኔን አያሳምነኝም።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ደወለ።

«መሲ፣ ነገ ስልኬ ዝግ ነው፤ እንዳትጨነቂ።»

«ለምን ይዘጋል?»

«ሥልጠናው ላይ አይፈቀድም።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እወድሻለሁ» አለኝ።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን በስልክ ብሎኝ አያውቅም። የኛ አገር ወንድ ይህን ቃል ከአፉ የሚያወጣው ጥፋት ሲኖርበት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ስልክህን ዘግተህ እዚያው ቅር» አልኩትና ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስታንቀኝ ውላለችና።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

«ማነው?»

«እኛ ነን ልጄ። ሐሜሶ ነኝ።»

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ደረቀ። ጋሽ ሐሜሶ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ትዕግሥታቸው የማያልቅ። በዚህ ምክንያት ሰው በሞተ ቁጥር መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ሲሠሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ለዚያ ሥራ የሚለብሱት አንድ ጥቁር ኮት አለ። ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ ሐሜሶ በዚያ ኮት፣ በዚያ ሰዓት ከታዩ፣ ሰው የሚጠይቀው «ማን ቤት ነው?» ብሎ ብቻ ነው።

በሩን ከፈትኩ። ኮቱን ለብሰዋል። ከኋላቸው የሴቶች ጸሎት መሪያችን እትዬ ብርቱካን ፔርሙዝና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

«ኬሬ ነው ልጄ፣ ኬሬ ነው» አሉኝ ጋሽ ሐሜሶ። በሲዳምኛ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። እሳቸው ደግሞ መርዶ ሲያረዱም በዚሁ ነው የሚጀምሩት።

ገቡ። «ተቀመጪ» አሉኝ። እትዬ ብርቱካን የብርጭቆውን ትሪ ከአጠገቤ አንሥተው ወደ ጓዳ ወሰዱት። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ሲወድቅ እንዳይቆረጥ ነው። ተመልሰው ዳቦውን ቆረሱና ሻይ ቀድተው ፊቴ አስቀመጡ።

«ቁርስ በልተሻል?»

በዚህ አገር ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ ያውቃል። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። መጀመሪያ ታበላለህ፣ ከዚያ ትናገራለህ። አጎቴ የሞተ ጊዜ ጋሽ ሐሜሶ ራሳቸው እንዲሁ በማለዳ አብልተውኛል።

«አልበላም» አልኩ። «ምን ሆኗል?»

«መጀመሪያ ብዪ» አሉ ጋሽ ሐሜሶ፤ ዓይናቸው እጃቸው ላይ ካለው ስልክ ላይ ነው። ያዩታል፣ ያገላብጡታል፣ እንደገና ያዩታል። ያ የማውቀው አስተያየት ነው፤ ሐሰተኛ ወረቀት የያዘ ሰው አስተያየት።

«ጋሼ፣ ታሪኩ ምን ሆኗል?»

«ታሪኩ… ትንሽ አሞት ነበር።»

ይኸው፤ አንደኛው ደረጃ። ትንሽ አሞት ነበር። ሁለተኛው ሆስፒታል ገብቷል ነው። ሦስተኛው ጠንቶበታል። አራተኛውን አይናገሩትም፤ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ አንተ ራስህ ትናገረዋለህ።

«ሆስፒታል ገብቷል» አሉ ጋሽ ሐሜሶ።

«ከዚያስ?»

«ራሱ ውስጥ እጢ ተገኘበት። ዛሬ ኦፕራሲዮን ያደርጉለታል። አሁን እኛ ስናወራ ወደ ክፍሉ እያስገቡት ነው።»

«ሞቷል በሉኝ።»

«አልሞተም ልጄ።»

«ይማሉልኛል?»

«አማኝ አይምልም፤ ታውቂያለሽ። አልሞተም ነው የምልሽ።»

«ለአጎቴም እንዲሁ ብለውኛል» አልኳቸው። «በእርስዎ አፍ። ተቀብሮ ካደረ በኋላ አልሞተም ብለውኛል።»

እውነቴን ነበር።

ያኔ እትዬ ብርቱካን ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ታሪኩ ሳይሄድ ለጋሽ ሐሜሶ ሰጥቶ «የኦፕራሲዮኑ ቀን ስጧት» ያለው ደብዳቤ ነው ብለው ሰጡኝ። ቀማኋቸው ማለት ይቀላል። ከፈትኩት፤ እንደ ልማዴም መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፉን ነው፤ የተጻፈውን ሳይሆን አጻጻፉን። የታሪኩን እጅ አውቀዋለሁ። ቀጥ ያለ፣ የተለካ፣ የመምህር እጅ ነው። ይህ ግን መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ፊርማው ላይ ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያዞራት ጭራ የለችም።

«ይህ ሐሰተኛ ነው» አልኩ። ድምፄ የቢሮ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ይህን እሱ አልጻፈውም።»

«እጁን ያደከመው እጢው ነው ብሎናል ሐኪሙ…» ሊሉ ጀመሩ እትዬ ብርቱካን።

አልሰማኋቸውም። ደብዳቤ ፈጥረው እስኪያመጡ ከደረሱ አልቋል ማለት ነው። «እዚያው ቅር» ያልኩት ሰው ቀርቷል። ከወንበሩ ላይ ወርጄ መሬት ተቀመጥኩ፤ ከዚያ የጮህኩትን ጩኸት አሁን ሳስበው የኔ አይመስለኝም።

አጥር የምንጋራቸው እማማ ሙሉ ሰሙ። ወደ በሩ ወጡ፤ በተከፈተው በር በኩል ጋሽ ሐሜሶን በጥቁር ኮት አዩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? «ወይኔ ታሪኩ ልጄን» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ቀጣዩ ቤት ሰማ፤ ከቀጣዩ ቤት ቀጣዩ። ቤቱ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሴቶች ሞላ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ የዕድራችን ሰዎች የድንኳኑን ቋሚዎች ከጋሪ ላይ እያወረዱ ነው።

ሰው ይዋሻል፤ ዕድር ግን ለሕያው ሰው ድንኳን አያመጣም አልኩ በልቤ።

«ይኸውልዎ» አልኳቸው ጋሽ ሐሜሶን። «ዕድሩ የሰማውን ከእኔ ይደብቁኛል?»

ጋሽ ሐሜሶ በመስኮት አይተው ደነገጡ። ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። ወጡ፤ እኔም ሴቶቹ ደግፈውኝ ተከተልኩ። ድንኳኑ ግማሹ ቆሟል። ለዕድሩ ዳኛ «ማን ነገራችሁ?» አሉት።

ዳኛው ግራ ገባው። «ኧረ ማንም አልነገረንም» አለ። «እርስዎን አየን።»

ጋሽ ሐሜሶ ራሳቸውን ቁልቁል አዩ፤ ኮታቸውን፣ እጅጌውን። ከዚያ ቀስ ብለው ቁልፎቹን ፈቱና ኮቱን አውልቀው በአጥሩ ላይ ሰቀሉት። ከሥሩ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ ለብሰው ነበር።

«ታሪኩ አልሞተም» አሉ። «አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይ ይችላል ብለውናል። ይህቺ ልጅ ብቻዋን እንዳትሆን ነው የመጣነው። አካሄዴ ተበላሽቷል። እኔ ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት አካሄድ ነው የማውቀው፤ አስቀምጦ፣ አብልቶ፣ ቀስ ብሎ። ሌላ አላውቅም። ይቅር በሉኝ።»

የዕድሩ ሰዎች ተያዩ። ዳኛው «እንግዲያው እንፍታው፤ ለሕያው ሰው ድንኳን ሟርት ነው» አለና ገመዱን ያዘ።

እትዬ ብርቱካን ፔርሙዛቸውን እንደያዙ መሐል ገቡ። «ቆይ፣ አትፍታ» አሉት። «ቢሞት ኖሮ ዛሬ ሥራችሁን ትታችሁ ቀኑን ሙሉ እዚህ ትቀመጡ ነበር?»

«እንዴ፣ እንቀመጣለን እንጂ።»

«ለሬሳ የምትሰጡትን ቀን ለሕያው ስጡት። ተቀመጡና እየለመናችሁ ጠብቁ፤ የኔ ወገን በኔ ቋንቋ፣ አንተም በራስህ።»

ዳኛው መስቀሉን በአንገቱ ያሰረ የኦርቶዶክስ ሰው ነው፤ ከጴንጤ ጋር ተቀምጦ ሲጸልይ አስቤው አላውቅም። ገመዱን እንደያዘ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካስማው ላይ አሰረው። እማማ ሙሉ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ከትከሻቸው አንሥተው በደንቡ አዙረው ለበሱትና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዞሩ።

እኔ ግን አላመንኩም። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አምኜ ተጽናናሁ ብላችሁ ከሆነ አታውቁኝም። መርዶ ሲደበቅ ሰፈር በሙሉ ተስማምቶ እንደሚደብቅ አውቃለሁ። እኔም ለሌሎች ደብቄያለሁ፤ የሞተውን ሰው «ደኅና ነው» ብዬ ለእናቱ ሻይ ቀድቻለሁ። ይህ ሁሉ ሰው እኔን ለማቆየት ተስማምቷል አልኩ። የአዲስ አበባ ዘመዶቹ አስከሬኑን ጭነው እስኪመጡ ነው አልኩ። የእያንዳንዱን ፊት አነበብኩ። አንዷ ሳል ይዟት አፏን ስትሸፍን፣ እያለቀሰች ነው አልኩ። ወደ ታሪኩ ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ወንድሙ ደምሴ ጋ ደወልኩ፤ አያነሣም። ሰዓቱ አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ዝማሬ አለ፣ ዝምታ አለ፣ ከዚያ የሚያንሾካሽኩ ከንፈሮች አሉ። እኔ ድንኳኑ ጥግ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚያው ቅር አልኩት፤ የመጨረሻ የሰማው ቃል ይህ ነው።

ጋሽ ሐሜሶ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ያለ ኮታቸው ትንሽ ሰው ናቸው።

«እንድታምኚኝ አልለምንሽም» አሉኝ። «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላምንም።»

«ለምን ለእኔ ሳይነግር ለእርስዎ ነገረ?»

«ወረቀቱን አላነበብሽውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ማየትማ አይተሽዋል» አሉ። «እኔም ሌላ ሰው ላክ ብዬው ነበር። እኔን ስታይ ትደነግጣለች አልኩት። ‹ጋሼ፣ ክፉው ከመጣ እርስዎ አጠገቧ ይሁኑ፤ ደጉ ከመጣም እርስዎ ይንገሯት› አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ ልጄ። እስከ ዛሬ ደግ ነገር ንገር ብሎ የላከኝ ሰው የለም። በር ሳንኳኳ ሰው እንደ ሰው ‹ግቡ፣ ቁርስ እንብላ› ብሎኝ አያውቅም፤ ገና ሲያየኝ ይወድቃል።»

ተነሥተው ሄዱ። ደብዳቤው ጡጫዬ ውስጥ ተጨምቆ ነበር። ዘረጋሁት። መስመሩ አሁንም ይንሸራተታል፣ ፊርማው አሁንም ጭራ የለውም። ግን በዚያን ዕለት፣ ምናልባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወረቀትን እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰት ሳልል ምን እንደሚል አነበብኩት።

«መሲ» ይላል። «የዋሸሁሽ ስላላመንኩሽ አይደለም፤ ስለማውቅሽ ነው። ብነግርሽ ሐኪሙን ዲግሪህን አምጣ ትይው ነበር፤ ማኅተሙ ደብዝዟል ብለሽ ታስመልሽኝ ነበር። ለአባባ የሆነው እንዳይደገም ፈራሁ። በዚያ ጥፋተኛ አላደረግሁሽም፣ አላደርግሽምም። ሐኪሙ እጄ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሮኛል፤ ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊርማዬን አትመርምሪ። ከወጣሁ ትቆጪኛለሽ። ካልወጣሁ እግዚአብሔር አይተውሽም፤ ይህን ያለ ማረጋገጫ ተቀበይልኝ።»

ፊርማዬን አትመርምሪ። ይህን በዓለም ላይ ከታሪኩ ሌላ የሚጽፍልኝ ሰው የለም። ማኅተምም የሚያስመስሉ፣ ፊርማም የሚያስመስሉ ብዙ አይቻለሁ። የሰውን ቀልድ የሚያስመስል ግን አላየሁም።

መጋረጃው፣ ፀሐይ መታኝ ማለቱ፣ የተላጨው ፀጉር፣ ቢጃማው። ማስረጃዎቼ ሁሉ ትክክል ነበሩ። ፍርዴ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ያኔ ጸለይኩ። እንዴት እንደጸለይኩ ልንገራችሁ፤ የሚያምር ጸሎት አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ሰዎች ገና አላመንኳቸውም» አልኩ። «ሞቶ ከሆነ ለሞተ ሰው እየለመንኩህ ነው፤ ጅል ልሁን። በሕይወት ካለ ግን እባክህ፣ እዚያው አይቅር። ያልኩትን አልሰማሁም በል።» ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ይህንኑ ደጋገምኩት። ምንም ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃንም አላየሁም። የሆነው ነገር ትንሽ ነው፦ ጡጫዬ ተፈታ። እትዬ ብርቱካን ጠዋት የቆረሱትን ዳቦ አምጥተው ሰጡኝና በላሁት። መርዶ ከሆነም ይሁን ብዬ በላሁት። ከእኔ በፊት ሲለምን የዋለው ያ ሁሉ ሰው አብሮኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የጋሽ ሐሜሶ ስልክ ጠራ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ሐሜሶ ስልኩን አይተው «ደምሴ ነው» አሉ። ያነሡታል ብዬ ስጠብቅ ይዘውት ወደኔ መጡ።

«አንቺ አንሺው» አሉኝ። «እኔ ቀድሜ ከሰማሁ ፊቴን ልታነቢ ነው። ዛሬ ፊቴን አታንብቢ።»

አነሣሁት።

«ጋሼ» አለ ደምሴ፤ ያለቅሳል።

«እኔ ነኝ። መሲ ነኝ። ንገረኝ።»

«ከኦፕራሲዮን ክፍል አሁን አወጡት። ይተነፍሳል። ገና አልነቃም፤ ግን ሐኪሙ አለፈ፣ ትልቁ ነገር አለፈ ብሎናል።»

«ፎቶ ላክልኝ» አልኩት። ላከልኝ። ራሱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ፊቱ ገርጥቶ ተኝቷል። ዓይኑ ተከድኗል። የቀድሞዋ መሲ ወዲያው ብቅ አለች፤ ሬሳም እኮ ዓይኑ ተከድኖ ፎቶ ይነሣል። «ቪዲዮ» አልኩት። ቪዲዮውን ላከ። ብርድ ልብሱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ስልኩን ለእማማ ሙሉ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም አዩና «ይተነፍሳል» አሉኝ። አለቀስኩ። የዕድሩ ዳኛም ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ አለቀሰ፤ ያየሁት አልመሰለውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደምሴ ደውሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገለት። ድምፁ ከሩቅ ነው፣ ቃሉም ይጎተታል።

«መሲ» አለኝ። «እዚሁ ልቅር ወይስ ልምጣ?»

«ና» አልኩት።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ቀኝ እጁ አልተመለሰም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ መስመሩ ወደ ታች ይወርድበታል፣ ተማሪዎቹ «ጋሽ ታሪኩ ቁልቁለት» ይሉታል። በየጊዜው ለምርመራ እንሄዳለን። እኔም ጥርጣሬዬን አልተውኩም። ሐሰተኛ ዲግሪ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አሁንም እኔ ጋ አያልፍም። ነቢይ ነኝ ባዩንም አሁንም አላምነውም።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ተስፋ የሚባለውን ነገር መረጃ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሐኪሙ ድኗል ይላል፣ ከዚያ እኔ ተስፋ አደርጋለሁ። ያ እኮ ተስፋ አይደለም፣ ደረሰኝ ነው። እኔን ያኖረኝ መረጃው ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ጥቂት ሰዓታት ናቸው፤ በጅልነቴ የለመንኩባቸው። እናንተም ዛሬ አንድ ስልክ እየጠበቃችሁ ከሆነ፣ እስኪጠራ ድረስ ብቻችሁን አትቀመጡ። እኔ ያየሁት እግዚአብሔር ፔርሙዝ ይዞ፣ አካሄዱ በተበላሸ ሽማግሌ በኩል ነው የመጣው፤ ደግሞ እኔ በሩን የከፈትኩለት በጥርጣሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ታሪኩ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ልቤ ቀጥ አለ፤ ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው። ከፈትኩ። ጋሽ ሐሜሶ በቡናማው ሹራባቸው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን አቮካዶ በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ምንም አልተናገሩም። ተማሪ የፈተና ውጤት ሲጠብቅ እንደሚቆም ቆመው ያዩኛል።

ከውስጥ ታሪኩ በዚያ በሚጎተት ድምፁ «ማነው?» አለ።

«ጋሽ ሐሜሶ ናቸው።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «ይግቡ ጋሼ፣ ቁርስ እንብላ።»